የቦጉሚዋ ስቶኪንግ

ውጅ ከተማ፣ ጥር። በረዶው መስኮቴ ሥር ተከምሯል፤
ሐዲዱ ላይ ጨው የሚበትን አንድ ሰው ብቻውን ያዘግማል።
እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ሃያ ስድስት ዲግሪ ውኃ አለኝ፣
አንድ ክንድ የዝናብ ደን ወንዝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጦረኝ።

ትናንት ካያ መጣች፣ የልጄ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት፤
ባጠራቀመችው ዝሎቲ የገዛችው ጌጥ ከረጢቷን ሞላላት፦
ባለ ሦስት ግንብ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት፣ ወርቅ የተቀባ፣
አፉን የሚከፍት የራስ ቅል፣ ሮዝ ጠጠር፣ የማይደርቅ አበባ።
«አያቴ፣ ዓሦችህ ድሆች ናቸው፤ ቤታቸው እንጨትና ቅጠል ብቻ!
እኔ ላስጊጥላቸው» አለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እንደመጣች።

እምቢ ማለት አልችልም። እሺ ማለትም አልችልም።
አርባ ዓመት ዓሣ ያኖረ ሰው ጌጥን በዓይኑ አይመርጥም።

በጠጠሩ ጀመርን። «መዳፍሽን ዘርጊ» አልኳት፤
አፈሰስኩላትና «አሁን ጨብጪው» ብዬ ጠበቅኳት።
«ይወጋል!»
«አንቺ እጅ አለሽ፤ ኮሪዶራስ ግን ያለው ጢም ነው፤
ወለሉን በጢሙ እየዳሰሰ ነው ራቱን የሚለቅመው።
ሹል ጠጠር ላይ የሚኖር ጢሙ እያደር ያልቃል፤
ምግቡ አፍንጫው ሥር ሆኖ ጦሙን ያድራል።»

ቀጥሎ ድንጋይ፦ ከግቢው በር ያነሣችው፣ ነጭ፣ እንቁላል የሚያህል።
ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት እንደ ተቆጣ ድመት ፍስስ ይል ጀመር።
«ኖራ ነው። ውኃው ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤
ከለስላሳ ወንዝ የመጣ ዓሣ እዚያ ሲኖር ቀለሙ ይደበዝዛል።»
«ድንጋይም ይዋሻል?»
«ዝም ብሎ ነው የሚዋሸው» አልኳት።

ቤተ መንግሥቱ ቀረ።
መስኮቱን፣ በሩን፣ የግንቡን ጫፍ በጣቴ አሰስኩት፤
ለሰለሰኝ። ግን የትራም ነጂ ጣት ምን ያውቃል?
ክንፉን እንደ ቀሚስ የሚጎትተው ቤታ ነው በዚያ በር የሚያልፈው።
ከጣት የቀጠነ ፈታኝ ያስፈልገኛል።

ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ሦስተኛው መሳቢያ።
አራት ዓመት አልከፈትኩትም።

ቦጉሚዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ስቶኪንግ ፋብሪካ ሠርታለች።
እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ ጣቶቿን በትና፣ ወደ መብራት አንሥታ፣
ክር ያመለጠውን አንዱን ከሺህ ትለይ ነበር።
አንድ ጥንድ ቀርቷል፣ ከነማሸጊያው፣ የእሑድ።
እጄን እንደ እሷ አስገባሁ። በግንቡ ላይ አለፍኩበት።
ሁለተኛው ግንብ ያዘው፤
ክሩ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ተተረተረ።

ካያ አለቀሰች። ለግንቡ ይሁን ለስቶኪንጉ፣ አልጠየቅኳትም።
እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እኔም አልተጠየቅኩም።

ሞረዱን ያገኘችው እሷ ናት፣ የጥፍሩን፣ መሳቢያው ጥግ ላይ።
ግንቡን ሞረደችው፤ ወርቁ እንደ ፎረፎር ጭኗ ላይ ረገፈ፤
«ይኼ ውኃ ውስጥ ቢሆን ይበሉት ነበር» አለች ራሷ።
ቤተ መንግሥቱ አሁን መስኮቱ ላይ ነው፣ በረዶ ይጠብቃል።

ከዚያ የአያቷን የአበባ መትከያ አመጣች፣ ግማሹ የተሰበረ ሸክላ፤
እስኪመሽ ጠርዙን ሞረደች፣ ራቷንም ሳትበላ።
በሁለተኛው ስቶኪንግ ፈተንነው፦ አለፈ፣ አልተያዘም።
በደረቱ አስተኛነው፣ እንደ ዋሻ። ቤታ ለመግባት አልቸኮለም፤
ዞረው፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንዲት ክንፍ ብቻ አስገባ።
ካያ ትንፋሿን ይዛ ሶፋው ላይ እንቅልፏ መጣባት።

የተተረተረውን አልሰፋሁትም።
የኦክ ቅጠልና የአልደር ፍሬ ሞላሁበት፣ አፉን አሰርኩ፣ ውኃው ውስጥ ሰቀልኩት።
ውኃው ቀስ እያለ የሻይ መልክ ያዘ፤
ኒዮን ቴትራዎቹ ደፈሩ፣ ቀያቸው ነደደ።
በፓምፑ ሞገድ ግን፣ መብራት ካጠፋሁ በኋላ፣
አንድ እግር ብቻውን
ወዲያ ወዲህ እያለ ይራመዳል።